«ስፖርት ጥሩ ነው» ከማለት እስከ መሥራት

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቁሙና «ስፖርት መሥራት ጥሩ ነው ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳያመነታ «በጣም እንጂ!» ይላችኋል። ለምን ብትሉት ለጤና፣ ለአእምሮ ዕረፍት፣ ለእንቅልፍ፣ ለጥናት እያለ አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። ቀጥላችሁ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሠራህ?» ስትሉት ግን ድምፁ ይለዝባል። ፈተና ደርሶ ነበር፤ ዶርም ውስጥ ውኃ ጠፍቶ ነበር፤ ጫማው ተቀዷል፤ የፊታችን ሰኞ ሊጀምር አስቧል።

ይህ ተማሪ አልዋሸንም። የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም መልስ የሰጠው ከልቡ ነው። እኛ ታላላቆቹ፣ መምህራንም ወላጆችም፣ ሁለተኛውን መልስ ስንሰማ ግን «የአመለካከት ችግር ነው» ብለን ወደ ምክር እንገባለን። ስፖርት ለጤና እንደሚጠቅም እንደገና እንነግረዋለን፤ እሱም እንደገና ይስማማል፤ ነገሩ ባለበት ይቆማል። አመለካከት የምንለው ነገር ከምን ከምን እንደተሠራ ፈታ አድርገን ብናየው ምክራችን ለምን ጠብ እንደማይል ይገባናል። ተማሪውም «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱን ከመውቀስ ይድናል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም በዋናነት ይኸው ነው።

ስፖርት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከቃሉ መጀመር ይሻላል፤ በአማርኛ «ስፖርት» የማይሸከመው ነገር የለምና። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተጣብቦ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ መመልከት ስፖርት መውደድ ነው። ለባሕር ዳር ከተማ ክለብ ጮኾ ድምፅ መዝጋትም ስፖርት መውደድ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ መሮጥም «ስፖርት መሥራት» ነው። ትምህርት ቤት «ሰውነት ማጎልመሻ» ሲባል ያደግንበት ክፍለ ጊዜ፣ አባቶቻችን «ጅምናስቲክ» የሚሉት፣ የጤና ባለሙያው «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለው፣ ሁሉም እዚሁ ቃል ውስጥ ተከማችተዋል። ስለዚህ አንድ መጠይቅ «ስፖርት እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አቅርቦ ተማሪው «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ የወደደው ኳስ ማየቱን ይሁን ላብ ማፍሰሱን ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

በሌላ በኩል ደግሞ ስፖርት ያልነው ነገር እጅግ ጠቦብናል። ብዙ ተማሪ ስፖርት ሲባል ሜዳ፣ ጂም፣ ቱታና ስኒከር ይታየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን ስለ ቱታ አንድ ቃል የለውም። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃዋል ይላል፤ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር ማድረግን ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ካልቀጠለ አይቆጠርም የሚል ሐሳብ ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች።

መካከለኛ ማለት ምን ያህል ነው? መሣሪያ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ ዘፈን መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛው ላይ ናችሁ። ጥቂት ቃል ተናግራችሁ ለትንፋሽ ማቆም ካስፈለጋችሁ ጠንካራው ውስጥ ገብታችኋል። በዚህ ሚዛን ስናየው ረባዳ በሆነችው ባሕር ዳር ብስክሌት እየነዳ ክፍል የሚመላለስ ተማሪ፣ ባጃጅ ትቶ በዘንባባዎቹ ሥር ፈጠን ብላ የምትራመድ ተማሪ፣ ሁለቱም ስፖርት እየሠሩ ነው። ራሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን «እኔ እንኳ ስፖርት አልሠራም» ይሏችኋል።

እንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ተራ እንዳልሆነ ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው የተደረገው ለንደን ውስጥ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የከተማዋን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽሮ በ1953 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም በአንድ መኪና ውስጥ፣ በተቀራራቢ ኑሮ። የልብ ሕመም የበረታው በሾፌሮቹ ላይ ነበር። ትኬት ቆራጮቹ ጂም አልገቡም፤ ደረጃ ነው የወጡት።

ስድስት ዓይነት «እወዳለሁ»

ተመራማሪዎች አመለካከትን አንድ ወጥ ነገር አድርገው አያዩትም። ጄራልድ ኬንየን የተባለ ምሁር በ1968 እ.ኤ.አ. ሰዎች የአካል እንቅስቃሴን የሚወዱባቸውን ምክንያቶች በስድስት ከፍሎ መለኪያ አዘጋጅቷል፤ መለኪያው ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ከሰው ጋር ለመገናኘት፣ ለጤና፣ ለደስ የሚል ፍርሃት (ከከፍታ መዝለልን ወይም በፍጥነት መንዳትን አስቡ)፣ ለእንቅስቃሴው ውበት፣ የታመቀ ጭንቀትን ለማስተንፈስ፣ በመጨረሻም ራስን ለመግዛትና ረጅም ልፋትን ለመልመድ።

የዚህ ክፍፍል ጥቅም የሚታየው ምክር ላይ ነው። እኛ የምንመክረው ሁልጊዜ በጤና በኩል ብቻ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ደግሞ ስለ ደም ግፊት ሲነገረው ያምናል፤ ግን ከዛሬው ማታ ጋር ምን አገናኘው? ያን ልጅ ማታ ማታ ሜዳ የሚያወጣው የዶርም ጓደኞቹ መጠራራት ነው። ሌላዋ ፈተና ሲያስጨንቃት ወደ ጣና ሐይቅ ወጥታ ካልተራመደች ዕንቅልፍ አይወስዳትም፤ እሷን የሚያወጣት ማስተንፈሱ ነው። እስክስታ እስኪያልበው የሚወርድም አለ፤ እሱን የሚስበው ውበቱ ነው። ለሁሉም «ለጤናችሁ ሥሩ» ማለት ለስድስት በር አንድ ቁልፍ ይዞ መዞር ነው።

ጭንቅላት «ጥሩ ነው» ሲል ሰውነት ምን ይላል?

ከሁሉም በላይ ረጋ ብዬ ላብራራው የምፈልገው ይህን ነው። ስለ አንድ ነገር ያለን አመለካከት ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሐሳብ ፍርድ ነው፤ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም። ሁለተኛው ነገሩ ሲነሣ ሰውነታችን ቀድሞ የሚሰማው ስሜት ነው፤ ደስ ይላል ወይስ ያስጠላል። የመጀመሪያው በትምህርትና በምክር ይገነባል። ሁለተኛውን የሚገነባው ያሳለፍነው ነው።

አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ወደ ውስጥ እየቀዘፉ ነበር። አንድ ወጣት መጣ፤ ከሁኔታው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይመስላል፤ ጫማው ነጭና አዲስ ነው። ሁለት ጊዜ እጁን አወናጨፈና እንደ ተተኮሰ ጥይት ተነሣ። መቶ ሜትር በሙሉ ኃይሉ፣ ከዚያ ሌላ መቶ ሜትር ፊቱን አጨፍግጎ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጉልበቱን ያዘ። ትንፋሹ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኝ ነበር። ምራቁን ተፋ፤ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጎኑን በእጁ ደግፎ ውኃውን እያየ ቆየ። በማግሥቱ ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅሁት። በሳልስቱም ጠበቅሁት። አልመጣም።

ይህ ልጅ ምን ሆነ? አንደኛው ነገር አየሩ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከደብረ ታቦር ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ ተማሪ ከዚህ በላይ ከፍታ ላይ ስላደገ ላይታወቀው ይችላል። ከቆላ የመጣው ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሲሮጥ ደረቱ ሲጨነቅ ይሰማዋል፤ ሰውነቱ እስኪላመድ ድረስ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ሰውነታችን ኦክስጅን እንደ ልብ እያገኘ የሚሠራበት ወሰን አለ። ያን ወሰን ስናልፍ ላክቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ከሚወገድበት ፍጥነት በላይ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ይበረታል። ፓንቴሌይሞን ኤኬካኪስ የተባለ ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ያጠናው በዚህ ወሰን ላይ ያለውን ስሜት ነው። ከወሰኑ በታች ሲንቀሳቀሱ ብዙ ሰዎች ደህና ስሜት ይሰማቸዋል። ከወሰኑ በላይ ሲወጡ ግን የሁሉም ማለት ይቻላል ስሜታቸው ያሽቆለቁላል። ሠርቶ የማያውቅ ሰው ወሰኑ በጣም ቅርብ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ ሊያደርሰው ይችላል። በሐይቁ ዳር ያየሁት ልጅ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ወሰኑን ጥሶ ሄደ። ጭንቅላቱ «ስፖርት ጥሩ ነው» ማለቱን አይተውም። ሰውነቱ ግን ያን ጠዋት አይረሳም፤ በማግሥቱ የማንቂያ ደወሉ ሲጮኽ ብርድ ልብሱን የሚስበው ሰውነቱ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። አብዛኞቻችን ሩጫን ያወቅነው በቅጣትነት ነው። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ሜዳውን እንዲዞር ይታዘዛል፤ የረበሸ ፑሽ አፕ ይወርዳል፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ይሄዳል። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ሰልፍ ያመለጠው ሁሉ በአቧራው ላይ ሦስት ዙር ይሮጥ ነበር፤ ሌሎቻችን ቆመን እንስቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሩጫን ከውርደት ጋር አቆራኝተን ያስተማርነውን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ስፖርት ለምን አትወድም?» ብለን መጠየቃችን ልክ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ «ፊዚካል ፊትነስ» የሚባል ኮርስ አለ፤ ውጤቱም ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው። ይህን አሠራር እደግፈዋለሁ፤ በሰዓት መያዣ ደረጃ የሚወጣበት ሩጫ ያን የልጅነት ስሜት ይቀሰቅሳልና። ኮርሱ ተማሪውን ከወሰኑ በታች በደስታ መንቀሳቀስን ካለማመደው ብቻውን ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

«ልጄ፣ ምነው ከሳህብኝ?»

ሰው ለብቻው አያስብም። ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ ሮጦ፣ ሰውነቱ ጠንክሮ ለፋሲካ ቤቱ ሲገባ እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀብላ የምትለው ይታወቃል፤ «ልጄ፣ ምነው ከሳህብኝ? አላበሉህም እንዴ?» ጎረቤት ያሉት እትዬም ፊቱን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ወፈር ብሎ የመጣው የአጎቱ ልጅ ግን «ተመችቶሃል!» ተብሎ ይሞገሳል። እናት ይህን የምትለው ከፍቅር ነው። ረኀብና ሕመም ባየ አገር ውስጥ መክሳት የክፉ ነገር ምልክት፣ ወፈር ማለት የደህና ኑሮ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ያም ሆኖ ልጁ አንድ ነገር ይማራል፤ የሚወዱት ሰዎች በሠራው ነገር አልተደሰቱም።

ሌላው አስተያየት «ሯጭ ልትሆን ነው እንዴ?» የሚለው ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ የአገራችን ኩራት ነው። ኩራቱ ግን ሩጫን የሙያተኞች አድርጎታል። ሜዳሊያ ለማምጣት ካልሆነ ለምን ይሮጣል? ጠዋት ሲሮጥ የታየ ተማሪ «ስፖርት ሳይንስ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሒሳብ ወይም የሕግ ተማሪ መሮጡ እንደ እንግዳ ነገር ይታያል።

ከዚህም ጠለቅ የሚል ነገር አለ፤ ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ከብት ጠብቀዋል፤ ማገዶ ተሸክመዋል፤ ውኃ ቀድተዋል፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተመላልሰዋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም የዋለን ልጅ አስቡት። አባቱ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ ምን ይለዋል? «ተማር፤ ተምረህ ከዚህ ድካም ውጣ።» ትምህርት ማለት ከፀሐይና ከጉልበት ሥራ መገላገል ነው ተብሎ ቃል ተገብቶለታል። ልጁም አጠና፤ አለፈ፤ ባሕር ዳር ደረሰ። አሁን ደግሞ እኛ መጥተን «ውጣና ላብ በላብ ሁን» እንለዋለን። ጉልበት የሚወጣው ለፍሬ ነው ብሎ ላደገ ሰው፣ ምንም ሳይታረስና ምንም ሳይታጨድ በከንቱ መድከም ግራ ያጋባል። ይህን ተማሪ ሰነፍ ማለት ነውር ነው። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ በእንቅስቃሴ ብዛት ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ለእሱ መነገር ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነቱ ያን ሁሉ ዓመት የለመደው ሥራ በአንድ ጊዜ እንደተቋረጠበት፣ አሁን ቀኑን ወንበር ላይ እንደሚውልና ልቡና ጡንቻው የቀድሞውን እንደሚፈልጉ።

የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ለብቻው ማንሣት ግድ ነው። አንዲት ተማሪ ጠዋት በሐይቁ ዳር ብቻዋን ስትሮጥ የሚደርስባትን ለከፋ ወንዶቹ አይቀምሱትም። አለባበሷ ይታያል፤ ስትሮጥ ሰውነቷ ይታያል፤ አንዱ ያፏጫል፤ ሌላው ብስክሌቱን አዘግይቶ ከጎኗ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የሆነባት ሦስተኛ ጊዜ ካልወጣች፣ መጠይቅ ላይ «አመለካከቷ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ መመዝገቡ በደል ነው። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። አራት አምስት ሆነው ሲወጡ ለከፋው እንደሚቀንስ ያየሁት ነገር ነው፤ ሸክሙ ግን በእነሱ ላይ መውደቅ አልነበረበትም።

ፈልጎ መቻልና ፈልጎ አለመቻል

እስካሁን ያልኋቸውን ነገሮች አንድ ላይ የሚይዝ ሐሳብ አለ። አይሴክ አይዘን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያቀረበው ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ቁርጥ ሐሳብ የሚያደርገው ሦስት ነገር ሲገናኝለት ነው ይላል። ለነገሩ ያለው አመለካከት፣ የሚያከብራቸው ሰዎች ስለ ነገሩ ያላቸው ግምት፣ «ላደርገው እችላለሁ» ብሎ ማመኑ። የመጀመሪያው ብቻውን ሙሉ ቢሆን ሁለቱ ከጎደሉ መንገዱ ይዘጋል። የባሕር ዳር ተማሪ የመጀመሪያውን ከሞላ ጎደል ይዟል። ሁለተኛው እንዳየነው ይጎትተዋል። ሦስተኛውን ደግሞ ዶርም ገብተን እንየው።

አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ያለው ተማሪ በዚያው ሮጦ፣ በዚያው ክፍል ይገባል፤ ካልሲው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ቧንቧው ውኃ ባቋረጠበት ቀን ላብ በላብ ሆኖ ስድስትና ስምንት ሰው ወዳለበት ክፍል መመለስ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሳይሠራ ይቀራል። ካፌው ቁርስ የሚሰጥበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ሲሮጥ ቆይቶ ቁርስ ያመለጠው ተማሪ እስከ ምሳ ባዶ ሆዱን ይማራል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ይበረታል፤ ከረፋዱ በኋላ መሮጥ ያዳክማል፤ የሚቀረው ንጋትና አመሻሽ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ገና ሳይነጋ መውጣትና አምሽቶ መመለስ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ማንም ሳይመከር የሚራመደው ሰው ይበዛል፤ ማታ ማታ ድልድዩ ላይ የሚንሸራሸረውን ሕዝብ ያየ ይመሰክራል።

ጾምም መነሣት አለበት፤ ብዙ ተማሪ «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ስፖርቱን ያቆማልና። ጤነኛ ሰው እስከ ተወሰነ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምስ ቢውል ቀለል ያለ እርምጃ አይጎዳውም። ቀትር ላይ በሙቀት መሮጥ ግን ውኃ ያልጠጣን ሰው ያዞረዋል። ስለዚህ የሚሻለው እንቅስቃሴውን ወደ መግደፊያው ሰዓት ማስጠጋት ነው፤ ተራምዶ ሲመለስ ውኃውና ማዕዱ ይጠብቀዋል። ረመዳንን የሚጾሙ ተማሪዎችም ከአፍጥር በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት በዚሁ መንገድ ሊጠቀሙባት ይችላሉ። የስኳር ሕመም ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

የመጠይቅ ውጤት ስታነቡ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ «የተማሪዎች አመለካከት» የሚለው ርዕስ ተዘውትሮ ስለሚመረጥ አንድ ሁለት ነገር ልበል። መጠይቁ ብዙውን ጊዜ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በፍጹም አልስማማም» ድረስ አምስት አማራጭ አለው። አማካዩ ከፍ ብሎ ሲገኝ «ተማሪዎቹ በጎ አመለካከት አላቸው» ይባላል። በመጠይቅ ላይ «ስፖርት አይጠቅምም» ብሎ የሚሞላ ሰው ግን ከየት ይመጣል? ሰው በተፈጥሮው የሚያስመሰግነውን መልስ ይመርጣል። ስለዚህ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ስሜቱንም መጠየቅ፣ ከዚያ ባለፉት ሰባት ቀናት የሆነውን በቀንና በደቂቃ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ስሕተት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የሚሠሩት ተማሪዎች የተሻለ አመለካከት ይዘው ሲገኙ፣ አመለካከቱ ወደ ሥራው እንደመራቸው ተደርጎ ይጻፋል። በተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። ዳሪል ቤም የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ሰው የራሱን ሥራ አይቶ ስለ ራሱ ይደመድማል። ለሁለት ወር ከጓደኛው ጋር ሲራመድ የከረመ ተማሪ አንድ ቀን «ለካ እኔ ስፖርት የምወድ ሰው ነኝ» ይላል። መጀመሪያ እግሩ ሄደ፤ አመለካከቱ ተከተለው።

ታዲያ ምን ይሠራል?

በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ከልብ ሕመም እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበበ፤ እኛ እንደምንመክረው ማለት ነው። ሦስተኛው ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ በመጪው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንደሚሠራ በጽሑፍ ወሰነ። ምክሩን ያነበቡት የመሥራት ፍላጎታቸው ጨመረ፤ የሠሩት ግን ምንም ካልተነገራቸው አልተለዩም፤ በሁለቱም ቡድን ከ40 በመቶ በታች ነበሩ። ቀንና ቦታ ከወሰኑት መካከል 91 በመቶው ሠሩ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው የሐይቁ ዳር ልጅ ትዝ አለኝ። «ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ» ያለ ይመስለኛል። «ማክሰኞና ሐሙስ ከላብራቶሪ ስወጣ 11 ሰዓት ላይ ከፔዳ ግቢ በር እስከ ሐይቁ ዳር ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እራመዳለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ለሰውነት ትዝታም መላ አለው። ጠንከር ያለውን መጀመሪያ አድርገው ወደ መጨረሻው እያቀለሉ የጨረሱ ሰዎች፣ እያከበዱ ከጨረሱት ይልቅ እንቅስቃሴውን በደስታ እንደሚያስታውሱት ታይቷል፤ ሰውነት ከሁሉ ይበልጥ መጨረሻውን ይይዛልና። ስለዚህ ሰውነታችሁን አሟሙቃችሁ፣ ፈጠን ያለውን ክፍል አስቀድማችሁ፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች በዝግታ እየተራመዳችሁና እያወራችሁ ጨርሱ። ለጀማሪ ደግሞ ፈጠን ያለው ክፍል ጭራሽ ባይኖር ይሻላል።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን የተከታተለው የፊሊፓ ላሊ ጥናት መካከለኛውን 66 ቀን አግኝቷል፤ ፈጣኑ 18 ቀን ሲፈጅበት፣ አዝጋሚው 254 ቀን ይፈጅበታል ተብሎ ተሰልቷል። ልማድ እንዲሆንላቸው እንቅስቃሴን የመረጡት ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ለተማሪ እጅግ የሚጠቅመው ግኝት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መሳት ልማዱን አላፈረሰውም። ፈተና ደርሶ አንድ ማክሰኞ ያለፈው ሰው «ተበላሸ» ብሎ መተው የለበትም፤ ሐሙስ አለለት።

ወሩንም ለመምረጥ የእኛ አየር ይመቻል። በጥቅምት ዝናቡ አብቅቷል፤ ጠዋቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ መንገዱ ጭቃ የለውም፤ ፈተናውም ገና ነው። ጥቅምት 15 የጀመረ ሰው 66ኛ ቀኑ ታኅሣሥ 20 ላይ ይውላል። ኅዳር 15 ላይ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የሚጾመው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን ከጠዋት ወደ ማታ ያዛውረው፤ የሚራመድበትን አዲስ ሰዓትና አብሮት የሚሄደውን ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት በደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፈው።